የጣና ነጭ ዓሣ ሙሉ ማይቶኮንድሪያ ጂኖም፦ ዝርያ ይለይልኛል ወይስ ብር ማባከን ነው?

ጉማራ_ዳር፦

ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ነኝ፣ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ የጣና ነጭ ዓሣ ነው፤ በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባለው። ጣና ላይ 15 እና ከዚያ በላይ የላቤዮባርበስ ዝርያ ተመዝግቧል። አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ ውጭ የትም አይገኙም።

ትልልቆቹን በዓይኔ እለያለሁ። ሜጋስቶማን አፉ ያሳብቅበታል። ኔድጊያ በወፍራም ከንፈሩ አይጠፋኝም። ማክሮፍታልመስ ዓይኑ ፍጥጥ ያለ ነው። ትንንሾቹ ላይ ስደርስ ግን ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል። አንዱን ዓሣ ለሁለት ሰው ባሳይ ሁለት ስም ይዤ ነው የምመለሰው።

አማካሪዬ "ሲኦአይን አንብቢና ጨርሺ" ይሉኛል። እሱ ከማይቶኮንድሪያ ጂኖች የአንዱ ቁራጭ ነው፣ 650 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ። እኔ ደግሞ ማይቶኮንድሪያውን (የዚያችን የሴል ክፍል ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ማለቴ ነው) ከዳር እስከ ዳር፣ 16,600 ገደማ ፊደሉን በሙሉ ማንበብ አምሮኛል። ፊደሉ ሲበዛ ልዩነቱም ይበዛል ብዬ ነው። ያስኬዳል? ናሙናውንስ እንዴት ልያዝ? የሠራችሁበት ንገሩኝ። ብሩ እንደሆነ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።


ቀዝቃዛ_ሳጥን፦

የዝርያውን ነገር ባለሙያዎቹ መጥተው ይናገሩ። እኔ ውሎዬ ላብ ስለሆነ ስለ ናሙናው ልንገርሽ።

ዓሣው ከውሃ እንደወጣ በግራ ጎኑ አስተኝተሽ ሳይሆን ግራ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ፎቶ አንሺው። ሥጋና ክንፍ ከቀኝ በኩል ቁረጪ። ፎቶውም ዓሣውም ሳይበላሽ ይቀመጣል፣ በየአገሩ የሚሠራበት ልማድ ነው። ክንፍ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ከቻልሽ ግን ከጀርባ ክንፉ ሥር ካለው ሥጋ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጨምሪ። ጡንቻ ማይቶኮንድሪያ ይበዛበታል።

ከዚያ 96 ከመቶ ኤታኖል ውስጥ። ኤታኖሉ ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን። በማግሥቱ ደፍተሽ አዲስ ሙይበት፤ ሥጋው ያለው ውሃ ወጥቶ ያቀጥነዋል። ይኼን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፣ ዲኤንኤው ሲቆራረጥበት የዲኤንኤ ማውጫ ኪቱን ይረግማል።

ፎርማሊን ለቀሪው አካል ነው፤ ሥጋው ከተወሰደ በኋላ ብቻ። ፎርማሊን የገባ ሥጋ ለዚህ ሥራ አይሆንም ማለት ይቻላል። ምልክቱን በእርሳስ በወረቀት ጻፊና ቱቦው ውስጥ ክተቺው። እስክሪብቶም ማርከርም ኤታኖል ሲነካው ሙልጭ ብሎ ይሄዳል።

መቀሱን ከዓሣ ዓሣ በደንብ አጽጂ። በአንድ ሴል ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂ በመቶዎችና በሺዎች ስለሚቆጠር የሌላ ዓሣ ጠብታ ትበቃለች ሥራውን ለማበላሸት።


ወፍ_ዘራሽ፦

ኤታኖል ገበያ ላይ በጠፋ ጊዜ ደጋግሞ የተጣራ የጎጃም አረቄ አይሆንም? ለሳይንስ ስል ነው የምጠይቀው 😄


ቀዝቃዛ_ሳጥን፦

@ወፍ_ዘራሽ አረቄ ግማሹና ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ዓሣው ይሰክራል እንጂ አይቆይም።


የድሮ_መረብ፦

ልጄ፣ ግራ የገባሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ይኼ ጉዳይ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊጠጋው ነው።

ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ አገራችንን ዞሮ ሲመለስ በፈረንጆቹ 1836 ከጣና ዓሣዎች ለብዙዎቹ ስም አወጣ። ከእሱ በኋላ የመጡትም እየጨመሩ ሄዱ። በ1973 ደግሞ ባኒስተር መጣና በቃ፣ ይኼ ሁሉ አንድ መልኩ የሚለዋወጥ ዓሣ ነው ብሎ ጠቅልሎ ኢንተርሚዲየስ አደረጋቸው። በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ ዋኅኒንገን ዩኒቨርሲቲ እነ ናግልከርከና ሲቢንግ ከእኛ ሰዎች ጋር ሆነው ሐይቁ ላይ ተቀመጡ። የአካሉን ቅርጽ ለኩ፣ ሆዱን ከፍተው የበላውን አዩ፣ የት ጥልቀት ላይ እንደሚውል መዘገቡ። እንደገና ለያዩት። እኔም ያን ጊዜ መረብ ስጎትት ነበርኩ።

እኔን ያሳመነኝ አመጋገባቸው ነው። ላቤዮባርበስ የካርፕ ወገን ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ዓሣ ሊያድን አይገባውም። ጣና ላይ ግን ስምንት ያህሉ ዓሣ በል ሆነዋል። ከካርፕ ወገን በአንድ ሐይቅ ይኼን ያህል ዓሣ በል ማግኘት ብርቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ጣና ወጣት ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ለዚያ ስፋቱ ድስት ሳይሆን ምጣድ ነው። ከወለሉ የወጣው ደለል እንደሚያሳየው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን መጨረሻ ላይ ሐይቁ ደርቆ ነበር። መልሶ የሞላው ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከታች ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ቁልቁል ተወርውሮ መንገዱን ዘግቷል። እንግዲህ በዚህች አጭር ዘመን የተለያዩ ልጆች ደማቸው ምን ያህል ይራራቃል? ይኼን ደግሞ ኮምፒውተር የሚያውቁት ይመልሱልሽ።


ተርሚናል፦

ጋሼ በሩን ከፍተውልኛል። አመሰግናለሁ።

እህቴ፣ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። የዓሣ ማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች በአንድ ሚሊዮን ዓመት፣ በአንድ የዘር መስመር፣ 1 ከመቶ ይቀየራሉ እንበል። ለካርፕ ወገን ይኼ ለጋስ ግምት ነው፣ ከዚያ ያንሳል የሚሉ አሉ። ሐይቁ 15 ሺህ ዓመቱ ነው። 16,600 ፊደል ሲባዛ በ0.01 ሲባዛ በ0.015፦ 2.5 ገደማ። በአንድ መስመር ሁለት ወይ ሦስት ፊደል ማለት ነው። ሁለቱን መስመር ስትደምሪው አምስት።

ሳይቶክሮም ቢ የሚባለው ሌላው የማይቶኮንድሪያ ጂን ብቻውን 1,140 ፊደል ነው። በዚያው ሒሳብ 0.17 ይወጣል። ምንም የለም ማለት ነው። ሲኦአይ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነው። በፈረንጆቹ 2010 የታተመው የጣና ላቤዮባርበስ የሳይቶክሮም ቢ ጥናት ዝርያዎቹን መለየት ያቃተው ለዚህ ነው። አማካሪሽ ያዘዙሽ ሲኦአይ ነጭ ዓሣን ከአምባዛና ከቆሮሶ ይለይልሻል፣ ሜጋስቶማን ከኢንተርሚዲየስ ግን አይለይም።

"ታዲያ አምስት ፊደል ካለ ሙሉው ይሻላል አይደል?" ትዪኝ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ። ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ይወረሳል፣ አይደባለቅም፣ 37ቱም ጂኖች በአንድ ክብ ላይ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ 650 ፊደልም አነበብሽ 16,600 የምታገኚው አንድ የዘር ሐረግ ነው። ሰባት ቤት ስትቆጥሪ በእናት በእናት ብቻ እንደ መቁጠር ነው። ረጅም ስታነቢ ያቺው ሐረግ ጥርት ትላለች፣ ሁለተኛ ሐረግ ግን አትወልድም።

ደግሞ ሐይቁ ሲሞላ ከወንዝ የገቡት እናቶች አንድ ዓይነት አልነበሩም። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከሐይቁ ይበልጣል በዕድሜ። ያ ልዩነት ለዛሬዎቹ ዝርያዎች ሁሉ ተከፋፍሎ ደርሷል። አንድ ሜጋስቶማ በማይቶኮንድሪያው ከሌላ ሜጋስቶማ ይልቅ ብሬቪሴፋለስ ለሚባለው ሌላ የጣና ነጭ ዓሣ ቢቀርብ እንዳይገርምሽ። ስሕተት አይደለም፣ የእናት መስመሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

በአጭሩ፦ ሙሉው ማይቶጂኖም (የማይቶኮንድሪያው ሙሉ ዲኤንኤ) የጣናን ነጭ ዓሣ በስም አይለይልሽም። ሌላ ብዙ ጥቅም አለው፣ እሱን እንነጋገር። ለስም ብለሽ ከሆነ ግን ብርሽን ያዢ።


ጉማራ_ዳር፦

ውይ። ይኼን ሒሳብ ማንም አላሳየኝም ነበር። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በየወሩ "የእገሌ ዓሣ ሙሉ ማይቶኮንድሪያ ጂኖም" የሚል ጽሑፍ ይወጣል አይደል? አብዛኛው ደግሞ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ነው። እነሱ ምን አገኙ?


ተርሚናል፦

ብዙዎቹ አንድ ዓሣ ይዘው አንድ ክብ አንብበው ሁለት ገጽ ጻፉ። የእነሱን ያህል ለመጻፍ ከሆነ ቀላል ነው። 13 ፕሮቲን ሠሪ ጂን፣ 22 ቲአርኤንኤ፣ 2 አርአርኤንኤ፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ክፍል። የጂኖቹ ቅደም ተከተል ከሌሎቹ ባለ አከርካሪዎች ጋር አንድ ነው። አለቀ። ካርፕ በፈረንጆቹ 1994 ሲነበብ 16,575 ፊደል ሆኖ ወጣ፣ ዜብራፊሽ 16,596። ያንቺውም እዚያው አካባቢ ነው የሚውለው። ይኼን ሳላነብ እነግርሻለሁ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ራሱ ዜና አይደለም።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ከእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የዓሣውን ፎቶ የማያሳዩ አሉ። ሬሳው የት እንደተቀመጠ የማይናገሩ አሉ። ጂንባንክ በሚባለው የዓለም የዲኤንኤ መዝገብ ውስጥ በተሳሳተ ስም የገባ ዓሣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳስታል። ያንቺ ማይቶጂኖም ዋጋ የሚኖረው ዓሣው ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ጋሼን የመሰለ ሰው አይቶ ስሙን ካጸደቀው ነው።


ሐዋሳ_ቢልጫ፦

ተርሚናል እዚህ ጋ ትንሽ አጥብቀኸዋል ባይ ነኝ። ጣና ውስጥ ለውስጥ ያልከው ትክክል ነው። ነገር ግን ኢንተርሚዲየስ የሚባለው ስም እኮ ጣና ላይ አያበቃም። አዋሽ ላይ አለ፣ ዝዋይ ላይ አለ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ኦሞ ድረስ። እነዚህ ተፋሰሶች ከተለያዩ ቆይተዋል። እዚያ ላይ ማይቶኮንድሪያ በደንብ ይናገራል። በሥራዬ ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ስሄድ ልዩነቱን በግልጽ አየዋለሁ። በአንድ ስም የተጠቀለለው ስንት የተለያየ መስመር እንደሆነ ለማየት ሙሉው ማይቶጂኖም ያስከፈለውን ያወጣል።

ስለዚህ እህቴ ከጣናው ጋር ከፏፏቴው በታች ካለው ዓባይ፣ ከአዋሽም ጥቂት ብትጨምሪ ጥያቄው ሌላ ይሆናል። "ማን ማን ነው" ሳይሆን "የጣናው መንጋ ከየት መጣ" ትያለሽ። ለዚያ ይሆናል።


ተርሚናል፦

በዚህስ ተስማምቻለሁ። ጥያቄውን ከቀየረችው እኔም ሙሉውን ነው የምመክረው።


የታንኳ_ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ትምህርቴን ብዙ አልገፋሁም። አባቴ በደንገል ታንኳ ነው ያሳደገን፣ አሁን እኔ ማኅበር ውስጥ በሞተር ጀልባ ነው የምሠራው። ስታወሩ እከታተላለሁ ግን ይኼ ማይቶ የምትሉት ነገር ምንድን ነው? ለእኛስ ምን ይፈይዳል? ነጭ ዓሣ እኮ እያለቀ ነው። በክረምት ወንዝ ሲወጣ አፉ ላይ መረብ የሚዘረጋ አለ። ወደ ላይ ደግሞ ብርብራ ቀጥቅጠው ውሃው ውስጥ የሚነሰንሱ አሉ። ዓሣው ከነጫጩቱ ተገልብጦ ይንሳፈፋል።


ቀዝቃዛ_ሳጥን፦

ወንድሜ ይቅርታ አያስፈልግም፣ ጥያቄህ ከእኛ ይሻላል።

ማይቶኮንድሪያ በዓሣውም በእኛም ሴል ውስጥ ያለች ጉልበት የምታወጣ ክፍል ናት። ምግብና ኦክስጅን ወስዳ ሴሉ የሚሠራበትን ኃይል ትሰጣለች። በሴሉ አስኳል ካለው ትልቁ ዲኤንኤ ውጭ የራሷ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ አላት። እኛ እናንብብ የምንለው እሷን ነው።

ብርብራን ማንሣትህ ደግሞ ደስ አለኝ። የብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ዓሣውን የሚገድለው ማይቶኮንድሪያ ላይ ነው። ኃይል የማምረቱ ሥራ በተርታ የቆሙ ክፍሎች አሉት፣ ሮቴኖን የመጀመሪያውን ይዘጋዋል። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ እያለ ዓሣው ሊጠቀምበት አይችልም። እና ያ የመጀመሪያው ክፍል ከሚሠራባቸው ጂኖች ሰባቱ እዚችው ትንሽ ክብ ላይ ናቸው። ኤንዲ1፣ ኤንዲ2 እያሉ እስከ ኤንዲ6፣ ኤንዲ4ኤል ሲጨመር። ከ13ቱ ፕሮቲን ሠሪ ሰባቱ! ጉማራ_ዳር ከምታነባቸው ጂኖች ሰባቱ ብርብራ የሚያንቀውን ክፍል የሚሠሩ ናቸው ማለት ነው።


የታንኳ_ልጅ፦

እንዲህ ነው እንዴ! ለኮሚቴው ነው የምነግረው። በብርብራ የሞተው ዓሣስ ለናሙና ይሆናል? ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ወድቆ እናገኘዋለን።


ቀዝቃዛ_ሳጥን፦

መርዙ ዲኤንኤውን አይቆራርጥም። የሚያበላሸው ፀሐይና መበስበስ ነው። ጉንጩ ሥር ያለው ስንጥቡ ቀይ ከሆነ ይሆናል፣ ከገረጣና ከሸተተ ተወው።


የድሮ_መረብ፦

የታንኳ ልጅ የጠየቀውን ሁለተኛ ነገር አትለፉት። ለእሱ ምን ይፈይዳል?

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ውስጥ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሣዎች መረብ ውስጥ የሚገኙት መጠን ቁልቁል ነው የወረደው። ያኔ ያየነው ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፣ ሁሉም የመራቢያ መንገድ ናቸው። የትኛው ዝርያ በየትኛው ወንዝ በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ ካልታወቀ ጥበቃው እንዴት ተደርጎ ይሠራል? ዛሬ ውሃ ቀድቶ በውሃው ውስጥ ከተራገፈው ዲኤንኤ ዓሣውን ማወቅ ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው?


ተርሚናል፦

እውነት ነው ጋሼ። ሚፊሽ የሚባል ፕራይመር (የሚነበበውን ቦታ የሚያመለክት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) አለ፣ የጃፓን ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2015 ያወጡት። ከ12ኤስ አርአርኤንኤ ጂን ላይ 170 ፊደል ገደማ ያነባል። ከአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለፉትን ዓሣዎች ይዘረዝራል። ግን ማወዳደሪያው መዝገብ ውስጥ የእኛ ዓሣ ከሌለ የሚወጣው "ከካርፕ ወገን የሆነ ነገር" ነው። የጉማራ_ዳር ማይቶጂኖም ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። 12ኤስንም፣ 16ኤስንም፣ ሲኦአይንም፣ ሳይቶክሮም ቢንም አንዴ ትሞላለች። ነገ ሌላ ሰው በሌላ ፕራይመር ቢመጣ እንደገና ዓሣ መግደል አያስፈልገውም።

ገደቡንም ልንገራችሁ። 170 ፊደል ላቤዮባርበስን ጋራ ከሚባለው ሌላ የካርፕ ወገን ዓሣ፣ ከአምባዛ፣ ከቆሮሶ ይለያል። ከላቤዮባርበሶቹ የትኛው እንደሆነ አይነግርም። ምክንያቱን ከላይ በሒሳብ አይተናል። ለዚያ ወደ ትልቁ ዲኤንኤ መሄድ ግድ ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የእነዚህ ዓሣዎች ክሮሞሶም 150 ነው፣ ስድስት እጥፍ። አንዱ ቦታ ላይ ሁለት ሳይሆን ስድስት ቅጂ ነው ያለሽ። የተለመዱት ፕሮግራሞች ሁለት ብቻ ብለው ነው የሚቆጥሩት። ይሠራል፣ ግን የሁለተኛ ዲግሪ ሥራ አይደለም።


ጉማራ_ዳር፦

እሺ፣ ገብቶኛል። ሐሳቤን ቀየርኩ። ከየዝርያው የማያጠራጥር ትልቅ ዓሣ ወስጄ ሙሉ ማይቶጂኖም ላንብብ፣ ለመዝገቡ። ሐዋሳ_ቢልጫ እንዳለው ከፏፏቴው በታችና ከአዋሽ ልጨምር። ትንንሾቹን ለጊዜው ልተዋቸው። አሁን በየት በኩል ላንብብ? ባለ ሁለት ቁራጭ ረጅም ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዣው ዘዴ) ያሉኝ አሉ።


ተርሚናል፦

ሁለቱም ያስኬዳል። ረጅሙ ፒሲአር ክቡን በሁለት ትልልቅ ቁራጭ ያበዛዋል። ዲኤንኤሽ ካልተቆራረጠ ደህና ነው፣ ከተቆራረጠ ግን ጠዋት ማታ ባዶ ጄል ስታዪ ትውያለሽ። ያንን ናኖፖር በሚባለው የዲኤንኤ ማንበቢያ ላይ ካነበብሽ ደግሞ ተመሳሳይ ፊደል በተደረደረበት ቦታ ላይ ተጠንቀቂ። ስምንት ሲ ካለ ሰባት ይልሻል። ጂን ውስጥ ከሆነ ንባቡ ሁሉ ይዛነፋል።

እኔ ብሆን ጠቅላላውን ዲኤንኤ ሳልመርጥ በጥቂቱ ኢሉሚና በሚባለው ሌላው ማንበቢያ ላይ አስነብባለሁ። ፕራይመር አያስፈልግም። የማይቶኮንድሪያው ቅጂ ብዙ ስለሆነ ከጠቅላላው ሪድ (ማሽኑ ካነበባቸው ቁራጮች) ጥቂት ከመቶ እንኳ ባይሞላ ክቡን ለመዝጋት ይበቃል። ከዚያ ቁራጮቹን የሚገጣጥሙት ፕሮግራሞች፣ ጌትኦርጋኔል ወይም ኖቮፕላስቲ። ኖቮፕላስቲ መነሻ ዘር ይፈልጋል፣ የራስሽን ዓሣ ሲኦአይ ስጪው። ላፕቶፕሽ ላይ ካልከበደ እዚያው ያልቃል። ትርፉ ሪድ ደግሞ አይጣልም፣ ወደ ትልቁ ዲኤንኤ ለሚሄድ ሰው መነሻ ይሆናል።

ጂኖቹን ለማመልከት ሚቶፊሽ ላይ ያለው ማይቶአኖቴተር አለ፣ ከቶኪዮ። ለዓሣ ተብሎ የተሠራ ነው። ግን ማሽን ያለውን ሁሉ አትቀበዪ። 13ቱንም ጂኖች ራስሽ ተርጉሚያቸው። ስትተረጉሚ የባለ አከርካሪዎችን የማይቶኮንድሪያ ሠንጠረዥ ምረጪ፣ ቁጥር 2 ነው። የተለመደውን ሠንጠረዥ እንዳለ ከተውሽው ቲጂኤ የሚለው ሦስት ፊደል ሁሉ "ቁም" ይሆንና ጂኑ የተበጣጠሰ ይመስልሻል። በማይቶኮንድሪያ ቲጂኤ ትሪፕቶፋን ነው። ሲኦአይ በኤቲጂ ፋንታ በጂቲጂ ቢጀምር አትደንግጪ፣ ዓሣ ላይ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ጂን መጨረሻው ላይ ቲ ወይም ቲኤ ብቻ ይኖረዋል። የጎደለውን ኤ አርኤንኤው ጅራት ሲቀጠልለት ይሞላዋል። ኤንዲ6 በተቃራኒው ክር ላይ ነው፣ ገልብጠሽ አንብቢው። ኤቲፒ8 እና ኤቲፒ6 ጫፍና ጫፋቸው ይደራረባል፣ ይኼም ጤናማ ነው።

የሚያስቸግረው የመቆጣጠሪያው ክፍል ነው። ተደጋጋሚ ቁራጭ ሊኖርበት ይችላል፣ አጭር ሪድ ደግሞ ድግግሞሽን አጥፎ አንድ ያደርገዋል። ሪዶቹን መልሰሽ ክቡ ላይ አንጥፊያቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብዛታቸው እጥፍ ከዘለለ እዚያ የታጠፈ ነገር አለ።


ወፍ_ዘራሽ፦

እኔ አረቄዬን ይዤ መጣሁ፣ እናንተ ዩኒቨርሲቲ ከፍታችኋል። 😄 ቆይ ግን ገበያ ላይ "ነጭ ዓሣ" ተብሎ የተቆረጠ ሥጋ አዲስ አበባ ሲደርስ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ይኼስ በዚህ ይታወቃል?


ቀዝቃዛ_ሳጥን፦

ይታወቃል። ለዚያ ሲኦአይ ብቻ በቂ ነው። የተገፈፈ ፊሌ አምባዛ ይሁን ቆሮሶ ይሁን ወይ ከደቡብ የመጣ ናይል ፐርች በግልጽ ይለያል። ጥብስ ከሆነ በኋላም ብዙ ጊዜ ይሠራል።


ማኅተም፦

ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣ። ዲኤንኤውን ውጭ ልከሽ ልታስነብቢ ከሆነ ፈቃድ አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 482/1998 አንብቢ። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ቱቦ ውስጥ ያለች የክንፍ ቁራጭም የጄኔቲክ ሀብት ናት፣ "ትንሽ ናት" አያስብልም። የማጓጓዣ ወረቀት አልቆ እንኳ ናሙናው አየር መንገዱ መጋዘን ሲያድር አይቻለሁ። ኤታኖል ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን የሚጭነው በመጠን ነው። ብዙ ሰው የወጣውን ዲኤንኤ አድርቆ የሚልከው ለዚህ ነው።

ፈቃዱን አሁኑኑ ጀምሪ። ዓሣው በሦስት ወር ይገኛል፣ ፊርማው ላይገኝ ይችላል።


ጉማራ_ዳር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አማካሪዬን ነገ አግኝቼ በተርሚናል ሒሳብ ነው የምጀምረው። ጋሼ፣ ዓሣዎቹን ስይዝ ስማቸውን ያጸድቁልኛል?


የድሮ_መረብ፦

ፎቶውን ብቻ አትላኪልኝ። ማሰሮውን ይዘሽ ነይ። የጉሮሮ ጥርሱን አውጥተን እናየዋለን። ቤቴ ሽታው ገብቶ ከርሟል፣ ባለቤቴ ለምዳዋለች።


ጉማራ_ዳር፦

እሺ ጋሼ። የታንኳ ልጅ፣ ጉማራ ላይ ነጭ ዓሣ መውጣት የሚጀምረው መቼ ነው? ከእናንተ ማኅበር ዓሣ መውሰድ እችላለሁ?


የታንኳ_ልጅ፦

ክረምቱ ሲበረታ ወንዝ አፉ ላይ መሰብሰብ ይጀምራል። ነሐሴና መስከረም ዋናው ነው። ውሃው ደፍርሶ ሲወርድ ጠብቂ፣ ማታ ማታ ነው የሚወጣው። ፎገራ በኩል ያለው ሜዳ ግን በውሃ ስለሚዋጥ መኪና አያስገባም፣ በጀልባ ብትመጪ ይሻላል። ዓሣውን እናመጣልሻለን። ፎቶሽን አንሥተሽ ቁራጭሽን ከቆረጥሽ በኋላ ቀሪውን ትመልሺልናለሽ አይደል?


ጉማራ_ዳር፦

አይ፣ ቀሪው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ አይበላም። ዋጋውን እከፍላለሁ።


የታንኳ_ልጅ፦

እንግዲያው በኪሎ እንተሳሰባለን። አፈ ሰፊውን ትልቁን ከፈለግሽ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፣ እሱን ሆቴሎች በጠዋት ነው የሚወስዱት።